ሁለት ነገሥታት በአንድ አግዳሚ

ውድ ወንድሜ ማሙሽ፣

የልጅ ልጅ ያየ ሰው «ማሙሽ» ተብሎ እንደማይጠራ አውቃለሁ። በዋና ስምህ ልጀምር ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስምህ በቤቴ እንዳይነሳ የከለከልኩት እኔው ነኝና ዛሬ ዘው ብዬ ልጽፈው አፈርኩ። እናታችን ያወጣችልህ ይሻላል።

ቅዳሜ ዕለት ስቱዲዮ ውስጥ የሆነውን አንተም ነበርክበት። የምታውቀው ግን ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ካልነገርኩህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይወስደኝም።

የእህታችን ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመጠኝ ከረመች። የእሷን ፎቶ አንሺነት እንደ ሥራ ቆጥሬላት እንደማላውቅ ታውቃለህ፤ «ብልጭ አድርጎ መብላት» እያልኩ ስቀልድባት ነው የኖርኩት። አሁን የተረት ነገሥታትን፣ ዳኞችንና ጦረኞችን በአልባሳት እያነሳች ለኤግዚቢሽን እየተዘጋጀች ነው። «አጎቴ፣ ወጣት ሞዴልስ ሞልቶኛል። የጎደለኝ ፊቱ የተቆጣ ሽማግሌ ነው» አለችኝ። «ምን አስቆጣው?» ብላት፣ «እሱን እንኳ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት» ብላ ሳቀች። ሌላ አንድ ሽማግሌ እንዳለ ነግራኛለች። ማን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጠዋት ስደርስ ቤቱ እንደ ልብስ ስፌትም እንደ ቲያትር ቤትም ሆኖ ጠበቀኝ። ከመጋረጃ ጨርቅ የተሰፋ ቀይ ካባ አለበሱኝ። ሜካፕ የምትሠራዋ ልጅ አገጬ ላይ ሙጫ ቀብታ ረጅም ነጭ ጢም ለጠፈችብኝና «ጋሼ፣ አይሳቁ፤ ይነቀላል» አለችኝ። «እሱ አያሳስብሽ፣ እኔ እንደሆንኩ አልስቅም» አልኳት። ከካርቶን ተቆርጦ የወርቅ ቀለም የተቀባ ዘውድ ደፉልኝና መስታወት ፊት አቆሙኝ። ላንተ ልዋሽ አልችልም፤ ደስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚፈራው ሽማግሌ መስዬ ታይቼ አላውቅም ነበር።

እዚያው መስታወት ውስጥ አንተን አየሁህ። ሰማያዊ ካባ ለብሰህ በሩ ላይ ቆመሃል።

«ጋሼ! ደህና ነህ?» አልክ፣ ጮክ ብለህ። ሁሉም ዞሮ አየን። ሰው እንዲሰማልህ ብለህ የጮህክ መሰለኝና አንገቴን እንኳ ሳልነቀንቅልህ ወደ መስታወቱ ተመለስኩ።

የተጣላንበትን ነገር ሳስበው ያሳፍረኛል። የእህታችን ልጅ የተመረቀች ዕለት፣ ቤት ሙሉ እንግዳ ፊት፣ «ስንት ሰው መኪና ያስተማረው ወንድሜ የራሱን አጥር በር በኋላ ማርሽ ደረመሰው» ብለህ ተናገርክ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህች ስድስት ዓመት! ሰው በደም ተፈላልጎ እንኳ ከዚህ ባነሰ ጊዜ ይታረቃል።

ልጅቷ አግዳሚው ላይ ልታስቀምጠን ስትል «አጎቴ፣ እርስዎ በግራው በኩል ቢሆኑ ይሻላል» አለችኝ። «ታላቅ በቀኝ ነው የሚቀመጠው!» አልኩ። መብራቱ ሁሉ ተስተካክሎ ነበር። ፊቷ ጥቁር አለ፤ ግን ሰው ፊት ልትከራከረኝ አልፈለገችም። አንተ የምንባባለው ሳይገባህ፣ በእጇ ስታመለክትህ ብቻ፣ ብድግ ብለህ ቦታውን ለቀቅህልኝ። እሷ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ትልቁን መብራት እየጎተተች እንደገና ስትተክል እኔ ካባዬን አስተካክል ነበር።

ታሪኩ ሁለት ወንድማማች ነገሥታት ከረጅም ጦርነት በኋላ ሲታረቁ ነው። ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላት አንዲት ሞዴል ሽበት ተቀብታ እናታችን ሆነች፤ ከኋላችን ቆማ አንድ እጇን ባንተ፣ አንድ እጇን በኔ ትከሻ ላይ አሳረፈች። «እጅ ለእጅ ተያያዙ» ተባልን። እጅህ ሻካራ ነው፣ የአናጺ እጅ። ስይዘው ግን ወንዝ ስንሻገር የምይዘው ያ ትንሽ እጅ ትዝ አለኝ። ልጅቷ አንተ ዘንድ እየመጣች አገጭህን በጣቷ ቀና ታደርጋለች፤ እኔን ከሩቅ «ወደ ግራ! ቀና!» ትለኛለች። እሱን እንደ እንቁላል፣ እኔን እንደ ወታደር ብዬ በውስጤ ቀናሁ።

ቀጥላ «አጎቴ፣ ወደሱ ጠጋ ይበሉና አንድ ነገር የሚነግሩት ይምሰሉ» አለችኝ።

ጠጋ አልኩ። ማስመሰሉ ግን አልሆነልኝም፤ የእውነቴን ተናገርኩ። ጆሮህ ሥር ሆኜ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ያን ሁሉ ዘመን ያነቀኝን ተነፈስኩት። ጨርሼ መልስህን ጠበቅሁ። አንተ ካሜራውን ብቻ ታያለህ። ቅንድብህ እንኳ አልተነቃነቀም። «ሰማኸኝ ወይ?» አልኩህ። መብራቱ ብልጭ አለ።

ናቀኝ አልኩ። ለምኜው ናቀኝ! ደሜ ፈላ። እጅህን ወርውሬ ተነሳሁና «ድሮም ሰው ማዋረድ ነው ሥራህ!» ብዬ ጮህኩ። ዘውድህን ከራስህ ላይ በጥፊ መትቼ ጣልኩት። አንተ ግራ ተጋብተህ የኔን አፍ አየህ፣ ከዚያ ወደ እናታችን ወደሆነችው ልጅ ዞረህ «ምን አለ? ምን አለ?» አልካት።

ይኼኔ ነው ማሙሽ፣ ይቅርታ እንኳ ልጠይቅበት የማልደፍረውን ያደረግሁት። ጢሜን እያወዛወዝኩ፣ ድምፄን እንዳንተ አድርጌ «ምን አለ? ምን አለ?» ብዬ አፌዝኩብህ። ከጥግ የሳቀም ሰው ነበር።

ልጅቷ ካሜራዋን አስቀመጠች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለችኝ።

«ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? አይሰማም እኮ! የቀኝ ጆሮው ከሞተ ቆይቷል፣ ግራውም እየደከመ ነው። በግራው ሁን ያልኩህ ለዚህ ነበር። የእንጨት መሰንጠቂያው ማሽን ነው የጨረሰው። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። የማታውቀው አንተ ብቻ ነህ፤ ‹ስሙን አታንሱብኝ› ብለህ!»

አንተ ጎንበስ ብለህ ዘውድህን ከመሬት ስታነሳ አየሁህ። አቧራውን በካባህ ጠረግህለት፣ የልጅቷ ዕቃ እንዳይበላሽባት ብለህ ይመስለኛል። እኔ እዚያ ቤት ውስጥ መቆም አቃተኝ። እንደለበስኩ ወጣሁ።

ሰው ሲሳቅበት ምን እንደሚመስል መንገዱ አሳየኝ። ቀይ ካባ፣ የካርቶን ዘውድ፣ በጠራራ ፀሐይ። ያቆምኩት የታክሲ ሾፌር የድሮ ተማሪዬ ሆኖ አረፈው! «መምህር! ሹመት ነው እንዴ? እንኳን ደስ ያለዎት!» አለኝ። ወደ ኋላ ዞሮ ፊቴን ሲያይ ቀልዱን ዋጥ አድርጎ ነዳ። እንባዬ ሙጫውን አላቆት ጢሙ ባንድ በኩል ተንጠልጥሏል።

ባለቤቴ በሩን ስትከፍት «ማነው የሾመህ ደግሞ?» አለች። ወዲያው ፊቴን አይታ አስቀመጠችኝና በሞቀ ውኃና በዘይት ጢሙን ቀስ እያለች ታላቅቅልኝ ጀመር። የሆነውን ነገርኳት። እሷም ታውቅ ኖሯል፤ ከኔ ተደብቃ ትጠይቅህ ኖሯል። «ስንቴ ልነግርህ ጀምሬ ትተኸኝ ተነሳህ» አለችኝ። እንዳትቆጣት፤ እኔም አልተቆጣሁም። በምን አፌ?

ትናንት ልጅቷ ካባውን ልትወስድ መጣች። ግቢ ብላት እምቢ አለች። እኔ እንደምመጣ አስቀድማ ነግራህ፣ አውቀህ እንደመጣህ በሩ ላይ ቆማ ነገረችኝ። እኔ ማን እንደሚመጣ ባውቅ አልመጣም ነበር። ቀጥላም «‹ጆሮዬ ሥር ምን እያለ ሲሰድበኝ ነበር?› ብሎ ጠይቆኛል። እውነት ምን ብለኸው ነው?» አለችኝ። ስድብ መስሎህ እንደሰነበትክ ማሰቡ ነው ይህን ወረቀት ያስያዘኝ።

እንግዲህ ያልኩህ ይኸው ነው፤ ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ፦ «ማሙሽ፣ በሩን አዎ ደርምሻለሁ። ያናደደኝ የሰዉ ሳቅ አይደለም፤ አንተ ከሰው ጋር ሆነህ መሳቅህ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ናፍቀኸኝ ነው የከረምኩት። እግርህ ሥር ልወድቅ እችላለሁ፣ ብቻ ወደ ቤቴ ና።»

ያኔ «ና» ብዬህ ነበር፤ አሁን እንደዚያ ለማለት መብት የለኝም። የምመጣው እኔ ነኝ። እሁድ ጠዋት ደጅህ እቆማለሁ። ካልከፈትክልኝም አልቀየምህ፤ በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልጅቷ ከመጮሄ በፊት ያነሳችው አንድ ፎቶ አለ፤ እኔ ጆሮህ ሥር ስናገር። ኤግዚቢሽኑ ላይ ልስቀለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሞባይሏን ስትዘረጋልኝ ዓይኔን መለስኩ፤ ፈራሁ። «እሱን ጠይቂው» አልኳት። ይቅር ካልክ ይቅር። ይሰቀል ካልክና ሰው ሁሉ ፊቱ ቆሞ «ይኼ ሽማግሌ ምን እያለው ይሆን?» ቢል፣ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ብትፈልግ ንገራቸው፣ ባትፈልግ ለራስህ ያዘው።

ታላቅህ መባል ያሳፈረው፣
ወንድምህ