አይጥ የበላው ገመድ

መካነ ሰላም፣ መስከረም 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ክረምቱን ቆሞ የከረመውን የዓይን ሕክምና መኪናችንን ዛሬ ስከፍተው የአይጥ ሽንት ሽታ ተቀበለኝ። ከማቆሜ በፊት ቀዳዳውን ሁሉ በድስት መፋቂያ ሽቦ ደፍኜ ነበር። አይጦቹ ግን በፍሬኑ ፔዳል ሥር ያለውን ጎማ በልተው ገብተዋል። የምተኛበትን ፍራሽ ቦጫጭቀው ወልደውበታል። እሱስ ይሁን። የቀዶ ሕክምናውን መሣሪያ ገመድም በጣጥሰውታል።

ውጭ ሼህ ሙሄ ይጠብቃሉ። ለልጆች ቁርአን ሲያስቀሩ፣ ንባቡን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ልጃቸው ዘሃራ ከወግዲ ድረስ በተዋሰችው በቅሎ አምጥታቸዋለች። ሐኪማችን የገመዱን ነገር መንገሩን ለእኔ ለሾፌሩ ተወው።

«አባባ፣ አይጥ ገመዱን በልቶብን ዛሬ አይሆንም» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ መቼ ልመለስ?»

«እንጃ። ገመዱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ነው።»

ዘሃራ ፊቷን አዞረች። «በቅሎዋን ደግመው አይሰጡንም» አለች ቀስ ብላ።

ሼሁ ግን ተነሥተው የመኪናውን ጎን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ነጭ ነው አባባ።»

«ነጭ» አሉ። እጃቸውን ቶሎ አላነሡም። ዘሃራ በክንዳቸው ይዛ እስክትወስዳቸው ድረስ እዚያው ቆሙ።