ቅዳሜ አስር ሰዓት፣ እትዬ ብርቄ ቤት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ጠዋት

ደብተሬ ሆይ፣ ተነስተህ ቁም። ኮፍያ ካለህ አውልቅ። በሩቅም በቅርብም ያላችሁ የኮልፌ ቀራንዮ ወዳጅ ዘመዶች፣ እትዬ ብርቄ ክትፎ ቤት ጓሮ የሚደረገው የቅዳሜው የማሲንቆ ዝግጅት በጠና ታሟል። ያልተሞከረ የለም። ጾሙ ሳይገባ ይቀበራል። ለአልቃሽነት ኦርጋን የሚመታ ልጅ ታስቧል።

አበቃ። መርዶው ይኸው ነው። ተቀመጥ።

እጄ ሙጫ ነው፣ ገጽህ ቢጣበቅ አትቆጣኝ። ከማለዳ ጀምሮ ፖስተር እየለጠፍኩ ነው። ሥራዬ ይሄ ነው፤ አስረኛ ክፍል ላይ እኔና ት/ቤቱ ተሰለቻችተን ከተለያየን ወዲህ ባልዲና ብሩሽ ይዤ ግድግዳ ለግድግዳ። የዚህን ሳምንት እወቀው፦ ዓርብ ዘነበወርቅ፣ ጁስ ቤቱ ግቢ፣ ክራር የሚመቱ ሁለት እህትማማቾች። እሁድ ሳንሱሲ፣ ከሉካንዳው ጀርባ፣ አንድ ዋሽንት ነፊ ሽማግሌ። ሽማግሌውን ሉካንዳው መስኮት ላይ፣ ከተሰቀለው የበሬ ጭን ጎን ለጥፌያቸዋለሁ። ሥጋ ቆራጩ "አንቺ! ሰውዬውን በኪሎ ልሽጣቸው?" ብሎ ጮኸ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፌርማታው ድረስ እየሳቅኩ እሄድ ነበር። ዛሬ አፌ ብቻ ሳቀ። ሌላው አካሌ ሥራ ላይ ነበር።

የእኛ ሰፈር ቅዳሜ፦ ፖስተር የለም። የሚጻፍ ስም የለማ። ስሙ የአባዬ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5፣ ከምሳ በኋላ

አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጥቁር ኮት። ማሲንቆው ምስማር ላይ፣ ፌስታል ለብሶ። ጠዋት ጠዋት "ጋሽ ማሲንቆ፣ እንዴት አደሩ?" እለዋለሁ። አይመልስም። አባዬም አይስቅም። ሁለቱ ተስማምተውብኛል።

ራዲዮናችን ዜና ብቻ ነው የሚያወራው። ዘፈን ሊጀምር ሲል አባዬ ይዘጋዋል።

እናቴ ሚያዝያ ላይ ነው ያረፈችው። እሱ ያኔ ማሲንቆውን ሰቀለ፣ እኔ ያኔ ጥቁር ሻሽ አሰርኩ። ላንተ ልንገርህ፦ አላለቀስኩም። ያኔም፣ እስካሁንም። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ እኔን እያዩ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ሽንኩርት አቅርቡላት ያለች ይመስለኛል። ወይም እኔ ነኝ ያልኩት። ጥርስ ሊነቅሉህ መርፌ ሲወጉህ እንደሚሆነው ነው። ጉንጭህ አለ። ትነካዋለህ። የሰው ጉንጭ ነው።

እንቁላል ልቀቅል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7፣ ከሰዓት

ዘነበወርቅ። ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር፣ የአቮካዶ ልጣጭ፣ ሁለቱ እህትማማቾች። ትልቋ ክራር ትመታለች፣ ታናሿ ትዘፍናለች። ሰው "ተቀበይ!" እያለ ግጥም ያቀብላታል፣ እሷ ያንኑ ተቀብላ በዜማ ትመልሳለች። እኔም አንድ አቀበልኳት፣ ስለ ጁስ ቤቱ ባለቤትና ውሃ ስለበዛበት ማንጎው። ሳታጣራ ዘፈነችው። ሰውዬው በጭማቂ ማውጫው ጀርባ ተደበቀ። ሁሉም ሳቀ።

እኔ ማንጎዬን ጠጣሁ። ውሃ በዝቶበታል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፣ ረፋድ

እ/ብርቄ ጋ ነበርኩ (እትዬ ብሎ ሙሉውን መጻፍ ሰልችቶኝ ነው፣ ፊቷ ግን አልሞክራትም)። ሥጋ እየከተፈች ነው። ቢላዋዋ አያርፍም፣ ምላሷም አያርፍም። የሚቀጥለው ቅዳሜ የመጨረሻ ነው አለች። ወይ በላቸው፣ ወይ ኦርጋን። በላቸው ማለት አባዬ።

"ሰው ማሲንቆ ብሎ ይመጣል፣ እኔ ዝምታ በሳህን ላቅርብለት?"

ታዲያ ለራሱ ይንገሩታ አልኳት።

ቢላዋው ቆመ። "ጥቁር የለበሰ ሰው ና ዝፈን ይባላል? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? መጀመሪያ ጥቁሩ ይውለቅ።"

ይሄን እንኳ አውቃለሁ። ሐዘንተኛ ጥቁሩን በራሱ እጅ አያወልቅም። ሰው ተሰብስቦ ይመጣል፣ ይበቃሃል ይላል፣ ያወልቅለታል። ማን ይምጣ ታዲያ? ዘመድ አለች። ዘመዶቻችን ጎጃም ናቸው። እንግዲያው እድሩ አለች። እሷማ የእድሩ ሰዎች ጠይቀውት እምቢ ያለ መስሏት ነው ዝም ያለችው።

የእድሩን ዳኛ ጠየቅኩ። እሳቸው ደግሞ ከጎጃም ሰው እየተጠበቀ መስሏቸው ነው። የእድሩን ጥሩምባ ነፊ፣ ጋሽ ደምሴን ጠየቅኩ። እነ ብርቄ፣ ሴቶቹ፣ ነገሩን የያዙት መስሏቸው ነው።

ሰፈሩ በሙሉ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነው። አባዬ ሁሉንም እየጠበቀ ነው። ክፉ ሰው የለበትም። የሚያስቅ ነገር ነው። ሳቂ አልኳት ራሴን። እሺ አላለችም።

እሁድ፣ ጥቅምት 9፣ አመሻሽ

ሳንሱሲ። ዋሽንት ነፊውን ሊሰማ የመጣው ሰው ከሉካንዳው ውሾች ያንሳል። ሽማግሌው ግን ግቢው ሞልቶ እንደፈሰሰ ቆጥረው ነፉ። ሲጨርሱ ጠሩኝ። ከበሬ ጋር የለጠፍሽኝ አንቺ ነሽ አሉ። አዎ አልኩ። ከጎኑ አሳምረሽ አወጣሽኝ አሉ፣ አልተቆጡም። የበላቸው ልጅ መሆኔን ሲያውቁ ግን ፊታቸው ተለወጠ። አሁንም አይመታም? አይመታም። ጣት ብዙ ካረፈ መንገዱን ይረሳል አሉ፤ እሳቸው አንድ ጊዜ ታመው ተኝተው ሲነሱ ከሚያውቁት ዜማ ከግማሽ በላይ ጠፍቷቸው ነበር። ያልተመለሰም አለ። ንገሪው አሉኝ።

ታክሲ ውስጥ የራሴን ጣቶች አየኋቸው። ሙጫ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጋሽ ደምሴ ለጉልበታቸው ጠበል ሊሄዱ ነው። ጥሩምባውን እኔ ጋ አስቀመጡ። ሰፈር ውስጥ እንደኔ ትንፋሽ ያለው የለም፤ ስሳደብ እንኳ መሀል ላይ አላርፍም፣ ያሉት እሳቸው ናቸው። ሰው ካልሞተ እንዳትነኪው። ለኳስ አይሆንም። ለሰርግ አይሆንም። በሩ ላይ ደርሰው ተመለሱ።

"ለቀልድም፣ ቲጂ።"

"እንዴ ጋሼ! እኔ?"

"አንቺ።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ ጠዋት

አባዬን ጠየቅኩት። ሻይ ቀድቼ፣ ስኳር አብዝቼ። ቅዳሜ እ/ብርቄ ቤት ብትመታስ?

"ማን ጠራኝ?" አለ።

እትዬ ብርቄ ስለው፣ እሷ የጠራችው ለወንበሮቿ ነው አለ። ስለ ጣት ነገርኩት። ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው፣ ሰበሰባቸው።

"ሰው አልመጣም፣ ትዕግስት።"

ሙሉ ስሜን ጠራ። ቲጂ አላለም። ኪሴ ውስጥ አንድ ቀልድ እንኳ አልነበረም። ወጥቼ ባልዲውን አጠብኩ። ታጥቦ የነበረ ባልዲ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ወሰንኩ። በተረፈ የክራር ፖስተር ጀርባ ላይ በማርከር ጻፍኩ፦ ቅዳሜ፣ አስር ሰዓት፣ እትዬ ብርቄ ቤት፣ በላቸው ከነማሲንቆው። ጽፌ አየሁት። ፖስተር ማን ያነባል? እኔ ራሴ የለጠፍኩትን አላነብም። ጥሩምባ ግን ሁሉም ይሰማል።

ነገ ማለዳ አባዬ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሊሳለም ሲሄድ እነፋለሁ። ሰው ይሰማል፣ እ/ብርቄ ቤት ይሞላል። ከሞላ አባዬ እምቢ አይልም። ጋሽ ደምሴ ለቀልድ እንዳትነኪው ነው ያሉት። ይሄ ማስታወቂያ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፣ ጠዋት

ከሽንት ቤት ውስጥ ነው የምጽፍልህ። በሩን ቆልፌያለሁ። ደጃችን ላይ ድንኳን እየተተከለ ነው።

እንዲህ ሆነ። ነፋሁ። ረጅም፣ ልክ እንደ ጋሽ ደምሴ። "የእድራችን አባላት በሙሉ! አቶ በላቸው..." አልኩና ትንፋሽ ሳብኩ። አሳምሬ ልጨርሰው ነበር። በር ሁሉ ተከፈተ። "ወይኔ በላቸው!" እ/ብርቄ ከነሽርጧ። የቀረውን፣ አስር ሰዓት ላይ ማሲንቆ ይመታሉ የሚለውን፣ ለጀርባቸው ነገርኩት። በእኛ ሰፈር ጥሩምባ ተነፍቶ ስም ከተጠራ ቀሪውን ቆሞ የሚሰማ የለም። ቀሪው ሁልጊዜ የቀብሩ ቦታና ሰዓት ነው፣ ኋላ ይደረስበታል። መጀመሪያ ድንኳን ነው።

አልሞተም ብዬ ጮህኩ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዙኝ። "እሺ የኔ ልጅ፣ አልሞተም፣ አልሞተም" እያሉ ጀርባዬን ያሻሉ። "ተመስገን፣ ይኸው ቆይቶ ለቅሶዋ ወጣላት" አለች አንዷ። አምልጬ እዚህ ገባሁ።

ዳኛው ምሰሶ እያስቆሙ ነው። አግዳሚ ወንበር ሲወርድ ይሰማኛል። በበሩ ቀዳዳ ሲታይ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል። አንተ ምን ትላለህ? ምንም። ልክ ነህ።

አባዬ መጣ። ድምፁ ነው። እኔ

ቅዳሜ፣ አመሻሹ ላይ

ያቋረጥኩት ለዚህ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ድንኳኑን ከመታጠፊያው ላይ አየው። በራሱ ደጅ። እሱ በእግሩ እየሄደ ነው። ቤት ውስጥ የቀረ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

"ልጄን!" አለ። "ትዕግስቴን!"

ሰዉ ዞሮ እሱን ሲያይ ደረቀ። እሱ ማንንም አላየም፣ የሚፈልገው እኔን ነው። እናቴ ያረፈች ቀን እንኳ እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ አልወጣም። በሩን ከፍቼ ወጣሁ፣ ጥሩምባው በብብቴ። ያዘኝ። ፊቴን፣ ትከሻዬን፣ ወድቆ እንደተነሳ ዕቃ የተሰበረ እንዳለ እየፈለገ ዳበሰኝ። ከዚያ አጥብቆ አቀፈኝ፣ ጥሩምባው ጎኔን ወጋኝ። አመመኝ። ጎኔን ማለቴ ነው።

ቀጥሎ ስድብ። ሁሉም በየተራው፣ እ/ብርቄ ያለ ተራዋም። ዳኛው በእድሩ አፌዝሽ አሉ፤ የእድሩን ሳህን በሙሉ ታጥቢያለሽ ብለው ፈረዱ። ከዚያ ድንኳኑን አዩ። ሰዉን አዩ። የአባዬን ኮት አዩ።

"በላቸው፣" አሉ፣ "መቼም አንዴ ተሰብስበናል።"

ማንም ምን ማለትዎ ነው አላለም። ዳኛው በአንድ ወገን፣ እ/ብርቄ በሌላው። ይበቃሃል አሉት። ተዉኝ ብሎ ትንሽ አንገራገረ፣ ወጉ ነው። ኮቱ ወለቀ። ከስር ያለው ሸሚዝ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ሸሚዝ እንዳለው ረስቼ ነበር።

እ/ብርቄ ወደኔ ዞረች። "ነይ አንቺም፣ እሳት" ብላ ሻሼን ፈታችው። ራሴን በረደኝ። ያ ብቻ።

አስር ሰዓት ላይ ጓሮው ወንበር አልበቃውም። የእድሩን አግዳሚ ተሸክመን አስገባን። ኦርጋን የሚመታው ልጅ ኦርጋኑን በጨርቅ እንደሸፈነ ጥግ ላይ ተቀምጦ አዳመጠ። የአባዬ ጣት ደንዝዟል፣ የማሲንቆው ጭራ ላልቷል፤ መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የታመመች ድመት ነበር። ሰው ወደ መሬት አየ። አባዬ ቆም አለ፣ አጠበቀ፣ እንደገና። እንደገና። ከዚያ መጣ። "ተቀበል!" አለ አንዱ ከበሩ በኩል። ተቀበለ። አባቷን በቁሙ ልትቀብር ስለነበረች ልጅም ራሱ ግጥም ፈጠረ፣ እኔን በደጋኑ እየጠቆመ። ጓሮው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። እግሬ ግን መሬቱን ይመታ ነበር። ቆይቼ ነው ያየሁት። ተውኩት።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

ሳህን። ገና አላለቀም። ይሄ እድር የሚያበላው አገር ነው እንዴ?

ጋሽ ደምሴ ከጠበል ተመለሱ፣ ወሬው ቀድሟቸዋል። ጥሩምባውን ተቀበሉኝ፣ አፉን በጋቢያቸው ጠረጉ።

"ምን ብዬሽ ነበር?"

"ለቀልድ አይደለም ጋሼ፣ ለማስታወቂያ ነው።"

ጀርባቸውን ሰጡኝ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከሳቅ ይሁን ከንዴት አላጣራሁም።

ማሲንቆው ዛሬም ምስማሩ ላይ ነው። ፌስታሉ የለም። ጋሽ ማሲንቆ፣ እንዴት አደሩ አልኩት። አባዬ ከብርድ ልብሱ ስር "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ መለሰለት።

ነገ የሚቀጥለውን ቅዳሜ እለጥፋለሁ። ስም አለው። ሉካንዳው መስኮት ላይ፣ ከበሬው ጭን ጎን፣ ወስኛለሁ።

መርዶ ነው ብዬ አስነስቼህ ነበር። አሁን ሳየው አንድ ድንኳን ተተከለ፣ ተነቀለ። አንድ ኮትና አንድ ሻሽ ወለቀ። ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፣ ሌላ የለም። ትንሽ ነገር ናት ደብተሬ። ሳልጽፋት ብቀርም ምንም አይጎድልብህም ነበር።