ጭንቅላትህ የተመታበት ድንጋይ

ለምናፍቅህ ወንድሜ ለአምብሮዝ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? ማርታና ልጆቹ፣ በጎቹስ እዚያ ኒውዚላንድ ደህና ናቸው? እኔ ከዚህች ከማትለቀኝ ሳል በቀር ደህና ነኝ።

ትልቁን ግቢ ከነመሬቱ ሚስተር ፔሉ የሚባል የአዝራር ፋብሪካ ባለቤት ገዛው። ሰውዬው ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ የምንጩን መስክ በሽቦ አጠረና «ወረቀት አለኝ» አለ። ላሞቻችንን የት እናጠጣ? ነገሩ በሰኔ ፍርድ ቤት ይታያል።

ቄሱ የቤተ ክርስቲያኑን ሣጥን ቁልፍ ሰጡኝና የጥንት ወረቀት ሳገላብጥ ሰነበትኩ። መቼም ታውቀኛለህ፣ ነገር ካልመረመርኩ አይሆንልኝም። ግቢው መጀመሪያ የመነኮሳት ነበር። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ንጉሡ ገዳማቱን ሲዘጋ ለባለሟሉ ሰጠው። የባለሟሉ የልጅ ልጅ ደግሞ በዶሮ ፍልሚያ አስይዞ ተበላ፤ አይ ጌትነት! ያሸነፈው ሰው ወዲያው ሞተና ሚስቱ አርባ ዓመት አስተዳደረችው፤ አማቾቿን ሦስት ጊዜ ከስሳ ረትታለች፣ ወድጃታለሁ። ከእሷ በኋላ ስኳር ነጋዴ፣ ከዚያ እኛ የምናውቃቸው ኮሎኔል ያዙት። የገረመኝ ግን በሁሉም ወረቀት ላይ «የግቢው መሬት እስከ ጥንቱ ድንጋይ፣ ከዚያ ወዲያ የመንደሩ» ይላል።

ድንጋዩን ብንፈልገው የለም፤ ሣር ውጦታል። መቃብር ቆፋሪውን ጆብን ብጠይቀው «እኔ ከማዶ የመጣሁ ሰው ምን አውቄ! የወንድምሽን አናት ጠይቂ፤ ድንጋዩን የቀመሰው እሱ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ክው አልኩ። የመንደሩ ሰው ወሰኑን በሚዞርበት ቀን ልጅ ቦታውን እንዳይረሳ ተብሎ በእግራችሁ ዘቅዝቀው ከድንጋዩ ጋር ያላተሟችሁ አራት ነበራችሁ። ሦስቱ ሞተዋል። ከዚያ ወዲህም ልማዱ ቀረ።

ድንጋዩ ከምንጩ በላይ፣ በግቢው በኩል ከሆነ ምንጩ የእኛ ነው፤ በታች ከሆነ የሰውዬው። ለእኛ ብለህ እንዳታዳላ፣ እውነቱን ጻፍ። ስትዘቀዘቅ ምን ታየህ? ወፍጮው ነው ወይስ የደወሉ ቤት? የታየህ ነገር ድንጋዩ የት እንደነበረ ይነግረናል።

ማርታን፣ ሩትንና ትንሹን ሳሙኤልን ሳምልኝ። ጆብም ከነተረቡ ሰላም ብሎሃል።

እኔን ሴት ነሽ ብለው ከዙረቱ አስቀርተውኝ ነበር። አናትህ አብጦ እያለቀስክ ስትመጣ ሆዴን ይዤ የሳቅኩብህ ቀንቼ ነው፤ ይቅር በለኝ። አሁን ግን የት እንዳስለቀሱህ ቶሎ ንገረኝ።

እህትህ ሄስተር

ቶርንኮም፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1949 እ.ኤ.አ.