በናዳው ላይ የተነበበ ግንዘት

ሐሙስ፣ ሐምሌ 27 ቀን 1931

ዝናብ። ትናንትም ዝናብ፣ ከትናንት በስቲያም ዝናብ። ጣሊያን ግን ክረምት አያውቅም… ሥራ፣ ሥራ፣ ሥራ።

ከተራራው ወገብ ድንጋይ ፈልጠን በፉርጎ እንጭናለን። ፉርጎው በትንሿ ሐዲድ ቁልቁል ይወርዳል፤ ታች የደብረ ማርቆስን መንገድ የሚያነጥፉት ይቀበሉታል። ባዶውን ዳገት እየገፋን የምንመልሰው እኛ ነን። ለዚህስ በቅሎ ይሻላል ብዬ ለደምለው ብነግረው፣ «መሪጌታ፣ በቅሎ እኮ ገብስ ትበላለች» አለኝ። ጣሊያንኛ ስለሚሰባብር ካቦ ተብሎ የተሾመብን ሰው። የአገር ልጅ ሆኖ ከጣሊያኑ ይብሳል።

እጄ ቆስሏል። ድጓ ስገልጥበት የኖርኩት እጅ… ደብረ ወርቅ ያሉ ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ምን ይሉ ነበር?

ወንድሜ ውበቱ ግን አይከፋውም። ፉርጎ ሲገፋ ይዘፍናል። ከፋሲካ ወዲያ ነው ማንጠግቦሽን ያገባው፣ ምን ይከፋዋል። ሳማርር፣ «አያ፣ ድምፅህን ለድንጋይ አታባክን» ይለኛል። ማታ ቁይ ካለው ቤታችን ስንደርስ ማንጠግቦሽ እግራችንን አጠበችን። ሁለቱ ሲሳሳቁ እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 2

ፍልሰታ ትናንት ገባ። በጦም አንጀት ዳገት መግፋት…

ከገደሉ ላይ ጠጠር ሲንጠባጠብ ዋለ። ዝናቡ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? የጉንደ ወይን ሰዎች ግን ይንሾካሾካሉ። ከሐዲዱ ሥር ለሚጋደም እንጨት ብለን የተራራውን ትልቅ ጥድ የቆረጥን ጊዜ ተራራው ቂም ይዟል ይላሉ። ባለቤት አለው ይላሉ። ተቆጣኋቸው። ክርስቲያን አይደላችሁም ወይ አልኩ። ከሥራ ስንለቀቅ ግን እኔም ወደ ላይ ሳላይ ነው ያለፍኩት…

ዓርብ፣ ነሐሴ 5

ናዳ ወረደ። ውበቱ ከሥሩ ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 6

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ውበቱ ባዶ ፉርጎ ብቻውን እየገፋ ሲመጣ ነበር። እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች። ሲዘፍን እሰማዋለሁ። ከዚያ ተራራው አጉረመረመ። ቀና ስል ዳገቱ በሞላ ተነሥቶ ይሄዳል። ዝናብ እየዘነበ አቧራ ሲጨስ አይቼ አላውቅም። አቧራው ሲረግፍ ሐዲድ የለም፣ ፉርጎ የለም፣ ውበቱ የለም።

ጣሊያኑ መጥቶ አየ። ደምለው ተረጎመለት። እስከ ረቡዕ ማታ በእጅ ይጠረግ፣ የቀረውን ሐሙስ በድማሚት አነሣዋለሁ አለ። ድማሚት ከፈነዳ ናዳው ከነሬሳው ገደል ይገባል። ለአሞራ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አፈር እንኳ ሳላለብሰው?

ማንጠግቦሽ ከቤት እየሮጠች መጣች። አታለቅስም። ነጠላሽን ለሐዘን አዘቅዝቂ ቢሏት፣ «ሳላየው አላለቅስም» አለች። ድንጋይ ማንሣት ጀመረች። ከወንዶቹ እኩል።

እሑድ፣ ነሐሴ 7

ሰንበት አሻሩን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድምፅ ሰማን። ከድንጋዩ ውስጥ። ብረት ሲመታ… ቋ፣ ቋ። ዝም። ደግሞ ቋ። ሁላችንም ቀጥ አልን። አንዴ ከግራ ይመስላል፣ አንዴ ከእግራችን ሥር፣ አንዴ ደግሞ ከማዶ ገደል። ጆሮዬን ድንጋዩ ላይ ለጠፍኩ። ቀዝቃዛ ነበር። «ውበቱ» እያልኩ ጠራሁ። ዝም። ጥቂት ቆይቶ፣ ቋ…

ሕያው ነው አልኩ። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብሎ፣ «መሪጌታ፣ ተራራ ተጭኖት ማን ይተርፋል? ይኼ የሚጠራን ነገር ነው። አይመልሱለት» አለ። ዶማቸውን ጥለው ወረዱ።

እኔና ማንጠግቦሽ ቀረን። ፈራሁ። እሷ መፍራቷን እንጃ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 8

ሰው ወደ ናዳው አልጠጋም አለ። የጣሊያኑ ሶላቶዎች ጠብመንጃ አቀባበሉ። ወይ ፍንክች። ድምፁ ጠዋትም ነበር። የደምለው ከንፈር ደርቋል። የነፍስ አባታችንን አባ ወልደ ሩፋኤልን በራሱ በቅሎ አስመጣቸው።

አባ አዳመጡ። «ያለ ፍትሐት የቀረች ነፍስ ናት። መንገዱ ጠፍቷት ነው» አሉ። ግንዘት፣ የሙታኑ ጸሎት፣ ይነበብ አሉ።

«አባ፣ ሕያው ቢሆንስ?»

«ከዓርብ ጀምሮ? ልጄ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርህ።»

«ግንዘት ለሕያው አይነበብም።»

«ለሚመነኩስ ካልሆነ አዎ፣ አይነበብም። መነኩሴም ቢሆን ለዓለም ሞቶ ነው፤ አንዴ ከተነበበለት ወደ ዓለም አይመለስም። ይህ ልጅ ግን ሞቷል።»

ካልተነበበ ሰው አይሠራም። ሰው ካልሠራ ሐሙስ ድማሚት ነው። እሺ አልኩ። ምን ልል ኖሯል?

ከትልቁ ቋጥኝ ስንጥቅ አጠገብ ቆምን። አባ መጽሐፉን ገለጡ፣ እኔ ዜማውን ተቀበልኩ። በሙሉ ድምፄ። ለወንድሜ አይደል? ድምፁ ከሥር ይመታል… ቋ… ቋ። «አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ ገብረ ኪዳን» ስንል፣ በክርስትና ስሙ ስንጠራው፣ ቆመ።

ሰው ሁሉ አማተበ። አረፈ አሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 9

ዝም ብሏል። ሰዎቹ ልባቸው ተመልሶ ይሠራሉ፣ ይቀላለዳሉ እንኳ። እኔ ግን ትናንት ድምፁን እንደፈራሁት ዛሬ ዝምታውን ፈራሁ።

ማንጠግቦሽ አጠገቤ ተቀመጠች። «መሪጌታ፣ ነፍስ በምኗ ነው ብረት የምትመታው?» አለች።

ይህን ሁሉ ዘመን ተምሬ፣ ይህን አላሰብኩም…

«በሉ ከዚህ ስንጥቅ ሥር እንቆፍር። ሌላው ሐዲዱን ይጥረግ» አለችኝ።

እኔ በድጅኖ፣ እሷ በእጇ። ስንቆፍር ዋልን። ደምለው አይቶን አለፈ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 10

አገኘነው። ፉርጎው ተገልብጦ ከድኖታል። ከሥሩ በጀርባው ተኝቷል። እግሮቹን ገጥሞ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ። ለመገነዝ የተዘጋጀ ሰው እንዲያ ነው የሚተኛው።

ዓይኑ ክፍት ነው። ያያል። ይተነፍሳል።

ማንጠግቦሽ ያን ጊዜ አለቀሰች።

ዓርብ፣ ነሐሴ 12

ዛሬ ተናገረ። እስከ ዛሬ ውሃ በማንኪያ እየሰጠነው ጣራ ያይ ነበር። አጥንቱ ደህና ነው፤ ክርኑ ብቻ ተልጧል።

«ውሃ በስንጥቁ ይንጠባጠብልኝ ነበር፣ አያ። በድንጋይ ሐዲዱን እመታለሁ። ስትጣሩ እሰማለሁ፤ ቃሉ ግን አይለይም፣ እንደ ንብ እምም ይላል። ሰኞ ግን ያንተን ዜማ ለየሁት።»

«ታዲያ መምታቱን ለምን ተውከው?»

እንደ ሞኝ አየኝ።

«ገብረ ኪዳን አላችሁኛ። ውበቱ ብትሉኝ እመታ ነበር። የነፍስ አባቴና ወንድሜ በክርስትና ስሜ ግንዘት ሲያነቡልኝ… ሞቼ ኖሯል እንዴ አልኩ። ሳላውቀው። ድንጋዩን አስቀመጥኩትና አሜን አልኩ።»

«አልሞትክም። ይኸው እጅህ።»

«አንተ አይደለህም ያነበብከው?» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። ዶሮ ታረደ። ውበቱ ገበታ አልቀረበም። ከማዕዘን ተቀምጦ ደረቅ ቂጣ ይቆረጥማል። ጎረቤቶችም እንብላ አላሉትም… ከእሱ ጋር ከአንድ ገበታ መጉረስ ፈርተዋል። የቡሄ ለት ጅራፍ የሚያጮኹ ልጆች ሲያዩት ጅራፋቸውን ጥለው ነው የሮጡት።

ማንጠግቦሽ ልብስህን ልጠብ አለችው። ወደ መሬት እያየ፣ «እኅቴ፣ ባልሽ ሞቷል። አልቅሽለትና ተነሽ» አላት። እኅቴ። እሷ ልብሱን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

እኔስ? አጠገቤ ሲተኛ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። መተንፈሱ ያስፈራኛል። ያሳደግሁትን ልጅ ፈራሁት። ይኸው ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 20

ውበቱ ከቤት ወጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አንድ የተተወ መቃብር ቤት አለ፤ እዚያ ገባ።

አባ እግር ላይ ወደቅሁ። ግንዘትን የሚመልስ መጽሐፍ የለም አሉ። ከእኔ ይበልጥ ነገሩ እሳቸውን ገድሏቸዋል። «ቆብ ይጫን። መነኩሴ ሲባል ነገሩ መልክ ይይዛል፤ ሰውም ይረጋጋል» አሉ። ሄጄ ለውበቱ ነገርኩት።

«ለመመንኮስ እኮ መጀመሪያ መኖር ያስፈልጋል» አለኝ።

ፉርጎው መሄድ ጀምሯል። ደምለው የውበቱን ቦታ ለሌላ ሰጠ። እንዴት ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ናዳው የነበረበት ጋ ስንደርስ ሰዎቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

ዓርብ፣ ጳጉሜን 3

የሩፋኤል ዝናብ። ልጆች ራቁታቸውን ይታጠቡበታል።

ማንጠግቦሽ በየቀኑ ቂጣ ትወስድለታለች። ደጃፉ ላይ ታስቀምጣለች፤ ስትርቅ ወጥቶ ያነሣል። ዛሬ ርሳ መጣችና እሳት ዳር ተቀመጠች።

«መሪጌታ፣ ለእኔም ግንዘት ያንብቡልኝ።»

መስማቴን ተጠራጠርኩ። «አበድሽ?»

«ለመንኩት፣ አለቀስኩለት፣ ሰደብኩት። የሕያው ሰው ቃል አይገባውም። እኔ እሱ ካለበት ልሂድ።»

«ሰው ይርቅሻል። እናትሽ እንኳ ደጇን ትዘጋብሻለች። ልጅ ብትወልጂ ከሙታን የመጣ ይሉታል።»

«አሁንስ ማን ቀርቦኛል? ከእሱ ጋር ያደረች ብለው ገበያ ላይ ዕቃዬን የሚነካ የለም።»

«አባ ያወግዙኛል።»

«እርስዎ ሳያውቁ ለእሱ አንብበዋል። እያወቁ ለእኔ ቢያነቡ ምን ይከብዳል?»

አልሆንም አልኳት። ጮኽኩባት መሰለኝ። ቀሚሷን ጨምቃ ወጣች።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 6

አልሆንም። አልሆንም… ለማን ነው የምለው? ከዚያ ለት ወዲህ አልጠየቀችኝም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 1 ቀን 1932

ቅዳሴ ወጥቷል። ሰው ወደየቤቱ ሄዷል። ማንጠግቦሽ መቃብር ቤቱ ደጃፍ ቂጣዋን ይዛ ቆማለች፤ ነጭ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ። እንደ ሙሽራ። የሠርጋቸው ለት ትዝ አለኝ። እግሬ ወደ ቤት መሄዱን ትቶ ወደ እሷ ሄደ።

«ግቢ» አልኳት።

ውበቱ ጥግ ላይ ግድግዳ እያየ ነበር። አልዞረም። መጽሐፍ አልያዝኩም፣ በቃሌ ነው። ማንጠግቦሽ መሬቱ ላይ በጀርባዋ ተጋደመች። እግሯን ገጠመች፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣመረች። ማን እንዳስተማራት እንጃ።

«የክርስትና ስምሽ?» አልኩ። አላውቀውም ነበር።

«ወለተ ሐዋርያት።»

ጀመርኩ። ድምፄ እንዲያ ሲሰበር ሰምቼው አላውቅም። ሁለቴ ተሳሳትኩ፣ እኔ። ዓይኗን ከፍታ ታየኛለች፣ ሕያው፣ ጉንጯ ቀልቶ። ስሟ ጋ ስደርስ ቆምኩ። «ይበሉ እንጂ» አለች ቀስ ብላ። «ነፍሰ አመትከ ወለተ ሐዋርያት» አልኩ።

«አሜን» አለች። ከጥግ ሌላ አሜን ተሰማ። ውበቱ ዞሯል።

ከዚያ ምንም አልሆነም። ከውጭ ልጃገረዶች ሲዘፍኑ ይሰማል። ማንጠግቦሽ ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች። አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። ፊቷን ብዙ አየው።

«ማንጠግቦሽ» አላት። በዓለም ስሟ። «ከሳሽ እኮ።»

«አንተስ።»

ቂጣውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ሰጣት። እየበሉ ጨዋታ ያዙ። ጤፉ ታርሟል ወይ አላት። ታርሟል አለችው። ላሚቱስ አለ። እንደ ማንኛውም ባልና ሚስት። አንዴ እንዲያውም ሳቀ… የዱሮው ሳቅ። ወንድሜን አገኘሁት ብዬ ጠጋ አልኩና እጄን ዘረጋሁ፣ ቆርሶ እንዲያቀምሰኝ።

ማንጠግቦሽ ቂጣውን ወደ ራሷ ሳበችው። በክፋት አይደለም።

«ይኼ ለእርስዎ አይሆንም፣ መሪጌታ» አለችኝ። «እርስዎ በሕይወት ነዎት።»

ወጣሁ። ስወጣ ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ቤት ገብቼ እሳት አነደድኩ፤ እግሬን ራሴ አጠብኩ።