የማረፊያ ድንጋዮች

የካቲት 18
ዛሬም ድንጋይ። ከአስፋልቱ እስከ ጊዮርጊስ ያለውን ዳገት ለእግር ተጓዥ ቱሪስት እያሰናዳን ነው፤ እኔና ሙሉቀን። እኔ ምልክቱን ነጭ ቀለም እቀባለሁ፣ እሱ የድንጋይ መቀመጫ ይክባል። ቱሪስቱ የታለ? እሱን አትጠይቂ። ወገቤ ተቆርጧል። ኩዌት የሰው ቤት ስወለውል ኖሬ እንኳ እንዲህ አልደከመኝም።

አባዬ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጠበቁኝ። "ዛሬስ ስንት ፈረንጅ አለፈ?" ይቀልዱብኛል።

የካቲት 21
ምንም። ደክሞኛል።

የካቲት 29
አባዬ ጊዮርጊስን ከተሳለሙ ዓመት አለፈ። ጉልበታቸው ከዳቸው። "ለንግሡ በበቅሎ ልውሰድዎ" ብላቸው፣ "ዕድሜ ልኬን በእግሬ ሄጄ የተሳለምኩትን ደጅ እንደ ጭነት ተጭኜ አልሄድበትም። ይቅር" አሉ። ይቅር ሲሉ ያስፈሩኛል። እህሉንም ይቅር ማለት ጀምረዋል...

መቀመጫዎቹ አለቁ። ሰባት። ቦታውን የመረጥኩት እኔው ነኝ፤ ትንፋሼ ባለቀበት፣ ትንሽ ለጥ ያለ መሬት በተገኘበት ሁሉ አንድ። አረፍ አረፍ እያሉ ቢወጡስ?

መጋቢት 9
ጎረቤታችን አያ ይሻው ከቅዳሴ መልስ አስቆሙኝ። "አንቺ ልጅ፣ የሬሳ ማረፊያ ላይ ነው እንዴ ሰው የምታስቀምጪ?"

ለካ በዚህ ዳገት ሬሳ ሲወጣ ቃሬዛው ሰባት ቦታ ያርፋል፤ ቄሱ ፍትሐት ያደርሳሉ። የእኔ መቀመጫዎች በሙሉ እዚያው ላይ። ተሸካሚም እንደኔ የሚደክመው እዚያ ነዋ። "ከንግሡ በፊት ይነሣ፤ ሰው ይቀየማል" አሉ።

እንዴት አላወቅሁም? ልጅ ሆነን ሬሳ ሲያልፍ ከቤት አያስወጡንም ነበር። እማዬ ስትቀበር ደግሞ ኩዌት ነበርኩ። የሰው ልጅ እያጠብኩ። አራተኛው ድንጋይ ላይ ስንቴ ቁጭ ብዬ ዳቦ በልቻለሁ... እሷንም እዚያ አሳርፈዋት ነበር ማለት ነው። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

መጋቢት 10
"አባዬ፣ ያውቁ ነበር?"
"ሙሉቀን ቦታውን ሲነግረኝ አወቅሁ።"
"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"
"እናትሽ ያረፈችበትን እየጠረግሽ ነበር። ምን ብዬ ላስቁምሽ?"

ሚያዝያ 14
ሥራውን የሰጠን የቱሪዝም ቢሮ ከደብረ ታቦር ደወለ። መንገዱ አስጊ ነው፣ ዘንድሮ ቱሪስት የለም። ሙሉቀን፣ "እናፍርሰውና እንገላገል" አለ። ነገ አልኩት። ትናንትም ነገ ብዬዋለሁ። እጄ እምቢ አለ።

ሚያዝያ 23
ዛሬ ማታ አባዬ እራት ሁለቴ አስጨመሩኝ።

ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዘንጋቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። "ንግሥ አይደለም እንዴ? በዚያውም ድንጋዮችሽን ልያቸው።" ክንዳቸውን ያዝኩ።

መጀመሪያው ላይ ቁጭ አሉ። ሰው እያየ ያማትባል። እኔ በሐፍረት መሬት መሬት አያለሁ። አያ ይሻው ከኋላ ደረሱ። "ኧረ አንተ ሰው፣ በቁምህ?"

"በቁሜ ነው የሚሻለኝ። ከሞትኩማ ዕረፍቱ ለተሸካሚው ነው።"

አያ ይሻው ጥቂት ቆሙና አጠገባቸው ተቀመጡ። ለካ እሳቸውም ደክሟቸው ኖሯል።

አራተኛው ላይ ብዙ ቆየን። አባዬ ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበሱት። የእማዬን ስም አልጠራንም።

ሰባተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። እዚያም ላስቀምጣቸው ብል፣ ክንዴን ወደ ላይ ሳቡት።

"ይችን ተያት። ለቀኗ ትቆየኝ።"