በካላማዳሪያ የታሰረው ቱቦ

ሞያሌ፣ ኬንያ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳምሪዬ፣ የኔ ልጅ፤

እንደምን አለሽልኝ? እናትሽ ስልኩን ስታቀብለኝ «ደህና ነሽ? እሺ፣ በርቺ» ብዬ ቶሎ የምመልስላት ጠልቼሽ አይደለም። ስልክ ላይ ምላሴ ይተሳሰራል። ዛሬ እሑድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋራዡን ከውስጥ ዘግቼ፣ ዘይት ያልነካው ወረቀት ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ፈጅቼ፣ ይኸው ቁጭ ብያለሁ። የምታውቂውንም የማታውቂውንም እጽፍልሻለሁ። አትሰልቺ፣ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ።

እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፤ አርፈሽ ተቀመጪ ስላት እኔኑ ተቆጥታ ታስቀምጠኛለች። ዝናብ የለም። ሙቀቱማ ዘንድሮ አይጣል ነው።

ባለፈው ሰኞ ዳዶ መጣ፣ የዳበል መንደሩ ፍየል ነጋዴ። የዛሬ ሁለት ዓመት ያቺን አሮጌ የጭነት መኪና ከኢትዮጵያ በኩል ገዝቶ ሲያሻግራት መሪዋ በግራ ነበር፤ ለኬንያ መንገድ ወደ ቀኝ ያዞርንለት እኔና አንቺ ነን። መሪው ፊት ያለውን ክሩስኮት አውርደን፣ ሽቦውን ፈተን፣ ሦስት ሳምንት ለፋንባት። ከክሩስኮቱ ኋላ ያሉትን የኤሲ ቱቦዎች ያዞርሻቸው አንቺ ነበርሽ። እንዳይምታቱብሽ እያንዳንዳቸውን በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ስታደርጊባቸው ስቄብሽ ነበር።

ካስረከብነው ከሳምንት በኋላ ዳዶ ተመልሶ መጣ። ኤሲው ይቀዘቅዛል፤ ግን ነፋሱ በሙሉ የሚወጣው ወደ ፊት መስታወቱ ነው። ማዞሪያውን ወደ ሾፌሩ ፊትም አዞርነው፣ ወደ እግርም አዞርነው፣ ለውጥ የለም። መስታወቱ በረዶ፣ ሾፌሩ ላብ በላብ። አንቺ «አባዬ፣ አንድ ሰዓት ስጠኝ፤ ቱቦውን ከሞተሩ ጀምሬ ልከተለው» አልሽ። እኔ ምን አልኩ? ሻይ የሚጠጡት ሾፌሮች ሁሉ እየሰሙ «እሷ ናት ያበላሸችው። ሁለተኛ መኪና አላስነካትም» አልኩ። ዳዶ ሳቀ። ሾፌሮቹም ሳቁ። አንቺ እጅሽን በጨርቅ ጠረግሽና ጨርቁን አጥፈሽ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥሽ። ብትወረውሪብኝ ይሻለኝ ነበር። ጨርቁ እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ ማንም እንዲነካው አልፈቅድም።

ዳዶን ደግሞ ዕቃው አይገኝም ብዬ ሸኘሁት፤ መስኮት ከፍቶ መንዳቱን ለመደው። ወሬው ግን በከብት ገበያው ተዛመተ። «ፉንዲ ሳምሪ»፣ መካኒኳ ሳምሪ፣ ይሉሽ የነበሩት ሰዎች መኪናቸውን ሲያመጡ «ልጅህ እንዳትነካው» ማለት ጀመሩ። እኔም እሺ አልኩ። አንቺ ናይሮቢ ሄደሽ የስልክ ሽፋን መሸጥ ጀመርሽ። ያ እጅ የስልክ ሽፋን ይሸጥ?

ሰኞ ታዲያ ዳዶ እናቱን እማማ ዋሪቱን ለዓይናቸው ሕክምና ወደ ናይሮቢ ሊወስዳቸው እንደሆነ ነገረኝ። በዚህ ሙቀት መንገዱን አይችሉትም፣ እባክህ አንድ ነገር አድርግልኝ አለ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። የኤሲውን ጋዝ ለካሁ፣ ሙሉ ነው። ኮምፕረሰሩ ይሠራል። ማዞሪያውን እያዞርኩ ጆሮዬን ክሩስኮቱ ላይ ለጠፍኩ፤ ነፋሱን ወዲህና ወዲያ የምትመልሰው መዝጊያ ንቅንቅ አትልም። ያቺን መዝጊያ የሚስባት ከሞተሩ በቱቦ የሚመጣው የመሳብ ኃይል ነው፤ እሱ ከተቋረጠ ነፋሱ ሁሉ ወደ መስታወቱ ይሄዳል። የቱቦውን ጫፍ አወጣሁና በአፌ ሳብኩት፤ ያንቺ ዘዴ ነው። መዝጊያዋ ቀጭ አለች፣ ቀዝቃዛው ነፋስ ፊቴን መታኝ። ከክሩስኮቱ ኋላ ያለው ሥራሽ በሙሉ ደህና ነበር፣ የጥፍር ቀለምሽ እንኳ አልለቀቀም። ስለዚህ አንቺ እንዳልሽው ቱቦውን ከሞተሩ ጀምሬ ተከተልኩት።

ባትሪው ሥር አገኘሁት። ታጥፎ ከአሮጌ ጎማ ውስጥ በወጣ የካላማዳሪያ ቁራጭ ታስሯል። ሁለት ዙር፣ ከላይ አንድ ቋጠሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተመለሰ። ሳምሪዬ፣ በዚህ ከተማ እንደዚያ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው። አንቺ በካላማዳሪያ ማሰር እንደማትወጂ አውቃለሁ፤ ስንቴ ተጨቃጭቀንበታል።

መኪናዋን ያስረከብን ዕለት ፍሬኑ ደንድኖብኝ ነበር። ያ ቱቦ ወደ ቀኝ ስንስበው አጥሮ ተሰንጥቋል፤ ፍሬኑንም የሚያግዘውን ያንኑ የሞተሩን ኃይል ያባክነዋል። አንቺ ምሳ ልታመጪ ሄደሻል፣ ዳዶ ይቸኩላል። ለዛሬ ብቻ ብዬ አጥፌ አሰርኩት፣ ነገ እቀይረዋለሁ ብዬ። ፍሬኑ ለሰለሰ፣ መኪናዋም ሄደች።

ረስቼው ነበር ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት። እውነቱን ልንገርሽ፦ ዳዶ ያን ቀን ሲያማርር ያቺ ቋጠሮ ትዝ ብላኛለች። ብልጭ ብላ ነው የጠፋችው፤ ግን ትዝ ብላኛለች። ሾፌሮቹ ያዩኛል። ሠላሳ ዓመት የለፋሁበትን ስም በአንድ ቱቦ ላጣው ነው ብዬ ፈራሁና ያንቺን ስም ሰጠኋቸው። የገዛ ልጄን። ከዚያ ያንን ኮፈን ከፍቼ ባትሪው ሥር ለማየት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

በዚህ እንኳ ባበቃ። አዲስ ቱቦ ገጠምኩ። እማማ ዋሪቱ ጋቢና ገብተው ነፋሱ ፊታቸውን ሲነካቸው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ዳዶም «አይ ፉንዲ፣ ልጅህ ያበላሸችውን አቃናኸው» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ምርቃቱንም ምስጋናውንም ወሰድኩ። ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም፤ እናትሽ ጨጓራ ነው ብላ ተልባ ታጠጣኛለች።

ዳዶ ነገ ይነሳል። ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ እሱ ነው። የመፍቻ ሳጥንሽንም ጭኜልሻለሁ፤ ያ የታሰረው ቱቦ ውስጡ አለ፣ አልፈታሁትም። ዳዶ አማርኛ ይሰማል እንጂ ማንበብ አይችልም። «አንብባ እስክትጨርስ ከአጠገቧ እንዳትሄድ፤ አንተን የሚመለከት ነገር አለበት» ብዬዋለሁ። ይኸው አሁን ፊትሽ ቆሟል። የምታውቂውን ሁሉ ለምን እንደዘረዘርኩ ገባሽ? እሱ እየሰማ አዋርጄሻለሁ፤ እሱ እየሰማ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ ምንም ሳትዘይ። ለገበያው እሱ ያዳርሰዋል።

አላነብለትም ካልሽም መብትሽ ነው። ሲመለስ ራሴ እነግረዋለሁ ብዬ ልጽፍልሽ አሰብኩ፤ ግን ራሴን አውቀዋለሁ።

እጅሽን ይባርክልኝ። እመቤቴ በገባሽበት ሁሉ ትከተልሽ።

ቋጠሮውን ያሰረው አባትሽ፣
ወልደየሱስ