ለማታድግ ልጅ የታዘዘው ቀሚስ፤ የልብስ ሰፊዋ የእትዬ ልኬ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው እናታችን፣ ሠፈሩ ሁሉ «እትዬ ልኬ» እያለ የሚጠራቸው የሕፃናት ልብስ ሰፊ፣ በልብስ ንጽሕና ቤት በካውያ ሲተኩሱ ከኖሩት አባታቸውና በቤታቸው አንሶላና የትራስ ልብስ እየሰፉ ይሸጡ ከነበሩት እናታቸው የዛሬ ሰባ ስድስት ዓመት ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛ ናቸው። ምጡ ሲመጣ እናታቸው «የጀመርኩትን አንሶላ ሳልጨርስ ከዚህ ወንበር አልነሣም» ብለው አዋላጇን አስጨንቀዋታል እየተባለ በቤተሰቡ ይሳቃል።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው ገና በልጅነታቸው ነው። ሜትር ሳይዙ ሰውን ከእግር እስከ ራሱ አንዴ አየት ያደርጉና «እጅጌው ሁለት ጣት ያጥርዎታል» ይሉ ነበር፤ ሲለካም ልክ ናቸው። አክስቶቻቸው ወፈር ያሉ ጊዜ ፊታቸው መቆም ይፈሩ እንደነበር ይነገራል። ከትምህርት ቤት እንደወጡ አንድ የደንብ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥረው ለስድስት ዓመት ኮሌታ ብቻ ሲገጥሙ ኖረዋል። «ሰው አንገት ብቻ ያለው እስኪመስለኝ ድረስ» ይሉ ነበር።

በሃያ አራት ዓመታቸው፣ ረጅም መንገድ ከሚመላለሱ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ሳቂታ፣ ሥራ ወዳድ፣ ቤት ሲገቡ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ የሚገቡ ሰው ነበሩ። የተከራዩት ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። የፊተኛው በር ወደ መንገድ ስለሚከፈት እትዬ ልኬ ፋብሪካውን ትተው በዚያው ክፍል የሕፃናት ልብስ መስፋት ጀመሩ። የስፌት መኪናው በመስኮቱ ሥር፣ የመቅደጃው ጠረጴዛ ከግድግዳው ጋር፣ ያለቀለት ልብስ ደግሞ ከጣሪያው በታች በተወጠረ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ይታይ ነበር። መንገደኛው ቀና ሲል ትናንሽ እጅጌዎች ያያል።

በትዳራቸው በሦስተኛው ዓመት የበኩር ልጃቸውን ወለዱ።

ቀጥሎ የሚነበበው በእንዲህ ያለ ዕለት የሚነበብ አይመስል ይሆናል። ነገር ግን እሳቸው በሕመማቸው ጊዜ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ «ሰው ደግ ነበረች፣ ጎበዝ ነበረች ሲል ይውላል። እናንተ ግን የሴትየዋን ነገር ሳታስቀሩ አንብቡልኝ። ከሚሰማው ሰው መካከል የምታጠባ አትጠፋም» ብለው አደራ ስላሉ እንደነገሩን እናነበዋለን።

እትዬ ልኬ አራስነታቸውን በቅጡ ሳይጨርሱ ነበር ወደ መኪናቸው የተመለሱት። ባለቤታቸው ለሳምንታት መንገድ ላይ ናቸው፤ ደንበኞች በር ያንኳኳሉ፤ ልጅቱ ታለቅሳለች። የልጅቱን አልጋ ከመኪናው አጠገብ አድርገው፣ በቀኝ እግራቸው ፔዳሉን፣ በግራ እግራቸው አልጋውን እየገፉ ይሠሩ ነበር። መኪናው ሲፈጥን አልጋውም ይፈጥናል። ጠዋት ጠዋት ከጓሮው መንገድ እየመጡ የሚያግዟቸው አማታቸው ይህን ባዩ ቁጥር፣ «አንቺ ልጅ፣ ወልደሻል ወይስ ትርፍ ሰዓት ገብተሻል?» ይሏቸው ነበር።

«እማማ፣ ይቺን እጅጌ ብቻ ልጨርስ።»

«እጅጌ መች ያልቅልሻል? ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ነው ያለው።»

ሴትየዋ የመጣችው ልጅቱ ሁለተኛ ወሯን ስትይዝ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጠይም፣ ንጹሕ፣ ትሁት ሴት ነበረች። የበሩ ደፍ ላይ ቆመች እንጂ ግቢ ብትባልም አልገባችም። የሕፃን ቀሚስ እንዲሰፋላት ጠየቀች። እትዬ ልኬም «ልጅቷን ይዘዋት ቢመጡ ጥሩ ነበር፤ ካየኋት ይበቃኛል» አሏት።

«በእርስዎ ልጅ ልክ ይሁን» አለች። «እኩያ ናቸው።»

እትዬ ልኬ ኋላ ሲያስቡት፣ ሴትየዋ ይህን ስትል ወደ አልጋው አላየችም። ልጅቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስታለቅስ ቆይታ ያን ሰዓት እንደተዘጋ ሬዲዮ ቀጥ አለች።

ጨርቁን ያመጣችው ራሷ ነች። የደረቀ ሣር የመሰለ ቀለም ያለው፣ እጅ ላይ የማይከብድ ስስ ጨርቅ ነው። ይቀዘቅዛል። እትዬ ልኬ በካውያ ሥር ያደጉ ልጅ ናቸውና ጨርቅ ሲሞቅ እንዴት እንደሚሆን ያውቃሉ፤ ያ ግን ካውያው አልፎበት ወዲያው ሲዳሰስ፣ አሁን ከውኃ የወጣ ይመስል ቀዝቃዛ ነበር። ገረማቸው። ግን ሥራ ነው፤ ሰፉት።

ሴትየዋ በየወሩ ትመጣ ጀመር። አትከራከርም፣ አትጣደፍም፣ ስፌቱን ገልብጣ እንከን አትፈልግም። «እንደ ሁልጊዜው፣ በእሷ ልክ» ብላ አዲስ ጨርቅ ትሰጣለች፣ ያለቀውን ተቀብላ ትሄዳለች። እትዬ ልኬ ለባለቤታቸው «እንደሷ ያለ አሥር ደንበኛ ቢኖረኝ ሌላውን ሁሉ አባርር ነበር» ብለዋቸዋል።

ከዚህም ሌላ ለማንም ያልነገሩት ምክንያት ነበራቸው። ያን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በተቀመጡ ቀን ልጅቱ አታለቅስም። አትተኛምም። ዓይኗን ከፍታ፣ ገመዱ ላይ የተሰቀሉትን ልብሶች እያየች ዝም ትላለች። እትዬ ልኬ ያን ቀን የሦስት ቀን ሥራ ይሠራሉ። እየዋለ እያደረ ሲሄድ፣ የሴትየዋን ቀሚስ ጨርሰው እንኳ የጨርቁን ቁራጭ አልጋው ጠርዝ ላይ ጣል ያደርጉ ጀመር። ቤቱ ጸጥ ይላል። መኪናው ብቻ ይሰማል። አንዳንዴ ቀና ሲሉ መሽቷል፤ ልጅቱን መቼ እንዳጠቧት ለማስታወስ ይቸገራሉ። ሳታለቅስ ማን ያስታውሳቸው?

አምስተኛ ወሯ ላይ ጤና ጣቢያ ሲወስዷት ነርሷ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው። «አልታመመችም» አለች። «ግን አልጨመረችም። ደህና ትጠባለች?»

«ምንም አታስቸግረኝም» አሉ እትዬ ልኬ።

ነርሷ «እሱን አልጠየቅሁዎትም» አለቻቸው።

በዚያው ሳምንት አማታቸው ከገበያ ሲመለሱ ፊታቸው ተለዋውጦ ገቡ። ዘንቢላቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ «ያቺን ደንበኛሽን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ አየኋት» አሉ።

«ልጇን ይዛ?»

«ቀሚሱን ይዛ። አንቺ የሰፋሽውን ቀሚስ እንደ ልጅ ታቅፋዋለች። እጅጌው ተንጠልጥሏል፣ ውስጡ ማንም የለም። ግን ጀርባውን መታ መታ ታደርገዋለች።» ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ጨመሩ፤ «ሆዱ ግን ባዶ አይመስልም። ነፋ ብሏል። ካለፈው ወር የሚበልጥ ነገር ያለበት ይመስላል።»

እትዬ ልኬ ልጅቱን ብድግ አደረጓት። ባለፈው ወር በልኳ የሰፉላት ቀሚስ ከትከሻዋ ወርዶ ነበር። ሁሉን በዓይናቸው የሚለኩት ሴት፣ ልብሱ በገዛ ልጃቸው ላይ ሲሰፋባት አላዩም።

ሴትየዋ በቀጠሮዋ መጣች። ደፉ ላይ ቆማ ጨርቁን ዘረጋች። ከሌላው ጊዜ ሁሉ ደስ ያላት ትመስል ነበር።

«ይሄኛው የመጨረሻ ነው» አለች። «ባለፈው ልክ ያድርጉልኝ።»

«እንዴ፣ በአንድ ወር ታድጋለች እኮ» አሉ እትዬ ልኬ፤ ድምፃቸው ለራሳቸው ሩቅ ሆኖባቸው።

«የለም» አለች ሴትየዋ በትሕትና። «ከዚህ አታልፍም።»

በሩ ከተዘጋ በኋላ እትዬ ልኬ ጨርቁን እንደያዙ መሐል ክፍሉ ላይ ቆመው ቀሩ። አማታቸው «አቃጥይው» አሏቸው። ክብሪት ጫሩ፤ ጨርቁ አልያያዝ አለ። «ውጪ ጣይው» አሏቸው። እትዬ ልኬ ግን እንዲህ አሉ፦ «ብጥለው ሌላ ሰፊ ጋ ትወስደዋለች። በልጄ ልክ መሆኑ ግን አይቀርም። እኔ ነኝ የምሰፋው።»

ጠረጴዛውን ጠርገው ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ዘረጉት። አልበቃ ሲላቸው ቀድሞ የተረፈውን ቁርጥራጭ ሁሉ ሰብስበው ገጣጠሙት። ልጅቱን ታቅፈው ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ አሁን ያለችውን አይደለም። ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ጉልበቷ ሲጋጋጥ፣ ደረጃ ስትዘል፣ በር ስትበረግድ የምትሆነውን አዩ። ከዚያ መቀሱን አነሡ።

አማታቸው «ልጄ፣ ይህን ያህል ትልቅ?» አሉ።

«ከዚህም ትበልጣለች፣ እማማ።»

ከግርጌው ሰፊ እጥፍ አበጁለት፤ ሲያጥር የሚፈታ። ሁለት ኪስ ሰፉለት፤ ሕፃን ኪስ አያስፈልገውም። የሚሰፉትን ያህል ከመኪናው ይነሡ ነበር። ልጅቱ ዝም ብትልም በየመሐሉ አጠቧት፤ አልቀበል ስትል አባበሏት፤ እግሯን ኮረኮሩ፤ ስሟን ጠሩ። ሥራው ሳምንት ፈጀ። ሌላ ደንበኛ ሲያንኳኳ አማታቸው በር ላይ ወንበር ይዘው ተቀምጠው፣ «ሰፊዋ ሥራ ላይ ናት፤ የምታሳድገው ልጅ አላት» እያሉ ይመልሱ ነበር።

ሴትየዋ መጣች። እትዬ ልኬ ልጃቸውን በአንድ ክንዳቸው ታቅፈው ቀሚሱን አቀበሏት። ሴትየዋ ዘረጋችው። ረዘመ፤ ከደረቷ እስከ መሬት ወረደ። አጣጥፋ ልትታቀፈው ሞከረች፤ በአንድ በኩል ስትይዘው በሌላው ይወርዳል። ደጋግማ ሞከረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ የገባት መሰለች።

«ይሄ አይታቀፍም» አለች።

«አዎ፣ አይታቀፍም» አሉ እትዬ ልኬ። ለወራት እርስዎ ሲሏት የኖሩትን ሴት ያን ጊዜ ነው አንቺ ያሏት። «በእግሯ እንድትሄድበት ነው የሰፋሁት። በልጄ ልክ አልሽ፤ የልጄ ልክ ይኸው ነው። ሌላ ልክ የላትም።»

ሴትየዋ ያን ጊዜ ብቻ ልጅቱን ቀና ብላ አየቻት። ክፍሉ ውስጥ ገመዱ ላይ የነበሩት ትናንሽ ልብሶች፣ መስኮቱ ተዘግቶ ሳለ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ዘመም አሉ። አማታቸው ይህን እስኪሞቱ ድረስ ይምሉበት ነበር። ከዚያ ሴትየዋ ቀሚሱን በጥንቃቄ አጣጥፋ ደፉ ላይ አስቀመጠችና ሄደች። በመንገዱ ላይ ሰው እየተላለፋት፣ አንዱም ሳይነካት፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ ታየች።

ልጅቱ አለቀሰች። የወራቱን ሁሉ አጠራቅማ ነው ያለቀሰችው፤ ጎረቤት ግድግዳ እስኪመታ ድረስ። ባለቤታቸው በዚያው ቀን ከመንገድ ሲመለሱ ጩኸቱን ከመንገዱ ማዶ ሰምተው ጫማቸውን ሳያወልቁ ሮጠው ገቡ። «ምን አደረጋችኋት?» ቢሉ፣ እናታቸው «ቀሰቀስናት» አሏቸው። እትዬ ልኬ እያጠቡ ያለቅሱ ነበር። ደፉ ላይ ያለው ቀሚስ ሲነሣ እንደ ማንኛውም ጨርቅ ሆኖ ነበር፤ ፀሐይ አሙቃዋለች። ልጅቱ ሰባት ዓመት ሲሞላት ለበሰችው፤ ጠበባት። እትዬ ልኬ በዓይናቸው ተሳስተው የሚያውቁት በዚያ ቀሚስ ብቻ ነው፤ በስሕተታቸውም ሲኮሩ ኖረዋል።

ከዚያ በኋላ የቤታቸው ደንብ ተለወጠ። ልጅ ሲነቃ መኪናው ይቆማል። ባለቤታቸውም ረጅሙን መንገድ ትተው በከተማ ውስጥ ዕቃ ማመላለስ ያዙ፤ ቁልፍ መትከልም ለመዱ፤ ከእትዬ ልኬ የተሻለ አጥብቀው ይተክሉ ስለነበር እናቶች ልብሱን ማውለቅ አቃተን ብለው ይከሱ ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆች ጨመሩ። ሥራው ሲሰፋ ከመንገዱ ማዶ ቤት ተከራይተው ስምንት ሴቶች ቀጠሩ፤ የወለደች ሠራተኛቸው ልጇን ይዛ እንድትገባና የመጀመሪያዎቹን ወራት ትዕዛዝ እንዳትቀበል አደረጉ።

አንድ ጊዜ፣ አዲስ የወለደች ሠራተኛቸው በምሳ ሰዓት፣ «እትዬ፣ አንዲት ጨዋ ሴት መጥታ በልጅሽ ልክ ቀሚስ ስፊልኝ አለችኝ» ብላ ነገረቻቸው። እትዬ ልኬ የያዙትን ሥራ አስቀመጡ። «ምን አልሻት?» ብለው ጠየቁ። ሠራተኛዋም «ልጅዎን ይዘው ይምጡ አልኳት፤ ምንም ሳትል ሄደች» አለች። በማግስቱ ከበሩ አጠገብ «ልጁ ሳይመጣ ልብስ አንሰፋም» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ደንበኛው የጥራት ጉዳይ ነው ብሎ አደነቀ።

ባለቤታቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቀድመዋቸዋል። እትዬ ልኬ ከሁለት ዓመት ወዲህ በልብ ድካም ሲታመሙ ቆይተው በሕክምና ሲረዱ ነበር። ባለፈው እሑድ የልጅ ልጃቸው የወለደችውን ወንድ ልጅ አምጥታ እቅፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ከምሳ በኋላ «እማዬ፣ ይደክምዎታል፣ ልቀበልዎት» ብትላቸው፣ «ሂጂ ተኚ» አሏት። «እኔ ዛሬ የምሠራው ምንም የለኝም።» ፀሐይ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እስክትዞር ድረስ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየዘረጉና እያጠፉ፣ ይዘውት ዋሉ። ረቡዕ ማለዳ በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል።

የአንዲት ሴትና የሁለት ወንዶች ልጆች እናት፣ የሰባት የልጅ ልጆች አያትና የአንድ ልጅ ቅድመ አያት ነበሩ። ሁለት እህቶቻቸውና አንድ ወንድማቸው፣ ባልደረቦቻቸውና አለበሰችን የሚሏቸው ብዙ የሠፈር ልጆች ኀዘን ላይ ናቸው።

ለሠሩት እጆቻቸው ዕረፍትን፣ ለነፍሳቸው ብርሃን ያለበት ማረፊያን ፈጣሪ ይስጥልን፤ እኛንም በቀረን ዕድሜ፣ ክንዳችን ላይ ያሉትን የምናይበት ዓይን አይንሣን። አሜን።